ነጩ ነጥብ ሲጠፋ አትደሰቱ

(በደብረ ብርሃን፣ ቤታቸው ዓሣ ለሚያኖሩና ለመጀመር ለሚያስቡ ሰዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ? ይህን ነፋስ ተቋቁማችሁ በመምጣታችሁ አመሰግናለሁ። የተጠራሁት ስለ ባሕር ዓሣ እንዳወራ ነው። ባሕር በሌለው አገር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጦ ስለ ባሕር ዓሣ ማውራት ትንሽ ያስቃል። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አባት ገንዳዬን አይተው «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ጨው ለወጥ ቢሆን ስንት ዓመት ባበላህ!» ብለውኛል። መልስ አልነበረኝም።

ስለ ገንዳ አሠራር፣ ስለ መብራትና ስለ ፊልተር ሌላ ቀን እናወራለን። የዛሬው ጉዳይ ጥገኛ ተሕዋስያን ናቸው። እንዴት ወደ ገንዳችን እንደሚገቡ፣ እንዴትስ በር ላይ እንደምናስቀራቸው።

መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልናዘዝ። 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ነበረኝ። ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ብርቱካናማ ዓሦች፣ አንድ ሽሪምፕ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎችና ሁለት ሦስት ኮራሎች (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባሕር እንስሳት) ነበሩበት። ስምንት ወር ሰላም ነበር። ሰው ደግሞ ሰላም ሲበዛበት አያርፍም። አዲስ አበባ ወርጄ አንድ ሐምራዊ ታንግ ገዛሁ። ታንግ ጠፍጣፋ፣ ቀኑን ሙሉ ከወዲያ ወዲህ ሲዋኝ የሚውል ዓሣ ነው። ሐምራዊው የቀይ ባሕር ተወላጅ ነው፤ የጎረቤት ልጅ በሉት። ሻጩ «ጤነኛ ነው፣ በደንብ ይበላል» አለኝ። አልዋሸም፣ ይበላ ነበር። በላስቲክ ከነውኃው ይዤው 130 ኪሎ ሜትር መጣሁ። ስደርስ መሽቷል። ደክሞኛል። ቤት እንግዳ አለ፣ ሁሉም ሊያየው ጓጉቷል። ላስቲኩን ቀደድኩና ከነውኃው ገንዳው ውስጥ ገለበጥኩት።

በ10ኛው ቀን ገደማ ታንጉ ጨው የተነሰነሰበት መሰለ። ነጫጭ ነጥቦች። ድንጋይ ላይ ይታከካል። ደነገጥኩና ያገኘሁትን ሁሉ ሞከርኩ። ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ ከምግቡ ጋር ሰጠሁት። ሂተሩን ከፍ አደረግኩ። «ኮራል አይጎዳም» የሚል አንድ ጠርሙስ ገዝቼ አፈሰስኩበት። በአራተኛው ቀን ነጥቦቹ ጠፉ! ለጓደኞቼ እየደወልኩ «ነጭ ሽንኩርት ፍቱን ነው» አልኳቸው። ያንን ስልክ ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ነጥቦቹ ተመለሱ፤ አሁን በሦስቱም ዓሦች ላይ። ወሩ ሳያልቅ ሦስቱም ሞቱ። ሽሪምፑና ቀንድ አውጣዎቹ ግን ምንም አልሆኑም። ጥያቄ ያስጀመረኝ እሱ ነው። ውኃው ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚሞተው ሽሪምፑ ነበር።

የገደላቸው ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ተሕዋስ ነው። ይህ ስም የወጣለት በ1951 እ.ኤ.አ. ነው። የወንዝ ዓሣም የራሱ ነጭ ነጥብ አለው። የሁለቱ አኗኗር ይመሳሰላል፤ ዝምድናቸው ግን ሩቅ ነው። ለወንዙ ዓሣ የሚያዋጣው ሙቀት መጨመር ለባሕሩ አያዋጣም። ይህን ባውቅ ኖሮ ሂተሩን ባልነካሁት።

አሁን ኑሮውን ልንገራችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ይህ ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው።

ተሕዋሱ ዓሣው ላይ ሲያርፍ ቆዳው ሥር ይገባል። ከ3 እስከ 7 ቀን እዚያ ሆኖ ይመገባል። እኛ ነጭ ነጥብ የምንለው ይህን ነው። ሲጠግብ ዓሣውን ለቅቆ ይወርዳል። ጥቂት ሰዓት ከታች ሲድህ ቆይቶ ያገኘው ነገር ላይ ይጣበቃል። አሸዋ፣ ድንጋይ፣ መስታወት፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት፣ ለሱ ሁሉም አንድ ነው። ከዚያ ጠንካራ ሽፋን ሠርቶ በሩን ይዘጋል። ውስጥ ሆኖ ይከፋፈላል። ከአንዱ እስከ 200 የሚደርሱ ልጆች ይወጣሉ። ይህ የመራቢያ ጊዜ አንዳንዴ 3 ቀን ነው፣ አንዳንዴ 28 ቀን። እስከ 72 ቀን የዘገየም ታይቷል። የሚወጡት ልጆች ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። አንድ ሁለት ቀን ፈልገው ካላገኙ ይሞታሉ።

እንግዲህ ወደኔ ነጭ ሽንኩርት እንመለስ። በአራተኛው ቀን ነጥቦቹ ለምን ጠፉ? ጊዜያቸው ደርሶ ወረዱ። ባልነካቸውም ይወርዱ ነበር። እኔ ስልክ እየደወልኩ ስደሰት እነሱ አሸዋው ውስጥ እየበዙ ነበር። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ ከታንጉ ላይ 20 ነጥብ ቢወርድና እያንዳንዱ 200 ቢወልድ 4,000 ይሆናል። ጠርሙሱን የሸጠልኝ ሰውም ምናልባት ከልቡ ያምንበት ይሆናል። ነጥብ ሲጠፋ ያየ ደንበኛ ሁሉ እያመሰገነው ነዋ።

ሌላም ተንኮል አለ። ከዓሣው የሚወርዱትም፣ ከሽፋናቸው የሚወጡትም በአብዛኛው በጨለማ፣ ንጋት ሳይቀድም ነው። በዚያ ሰዓት ዓሣው ድንጋይ ሥር ተኝቷል፤ እነሱ ከሚፈለፈሉበት ቦታ አጠገብ። ብዙ ጊዜ ደግሞ መጀመሪያ የሚይዙት ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥቡን ነው። ስንጥብ ክዳን ስላለው ውስጡ አይታይም። ሻጩ ያየው ዓሣ ነጥብ አልነበረውም፣ ይበላም ነበር። ስንጥቡን ግን ማን ገልጦ አየው? ታሞ የተረፈ ዓሣም ለተወሰኑ ወራት ከፊል የመከላከል አቅም ያገኛል። ነጥብ ሳያሳይ ጥቂት ተሕዋስ ይዞ ይኖራል። «ገንዳዬ ራሱ ዳነ» የሚሉ ሰዎች ስሰማ ዝም የምለው ለዚህ ነው። አዲስ ዓሣ ሲያስገቡ ይነገራቸዋል።

አያቴ መንዝ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በግ ሲያረቡ የኖሩ። ከገበያ የተገዛ በግ በመጣበት ቀን ከመንጋው ጋር አያድርም ነበር። ለብቻው ይታሰራል፣ ለብቻው ይበላል። ፀጉሩን ገልጠው ቆዳውን ያያሉ፣ ፋንድያውን ያያሉ። እኔ ልጅ ሆኜ ያሳዝነኝ ነበር። «ብቻውን ይጮኻል፣ እናስገባው» ስላቸው «የሰው እከክ ገዝቼ ጉረኖዬ ላስገባ?» ይሉኝ ነበር። ጨፌ ላይም በጎቹን እንዳናሰማራ የሚከለክሉበት ወራት ነበር። የጉበት ትል ከረግረግ ቀንድ አውጣ ወጥቶ ሣር ላይ ተጣብቆ በግ እንደሚጠብቅ ያወቅኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። እሳቸው ትሉን በዓይናቸው አላዩትም፣ ቦታውን ግን ያውቁ ነበር። የሳቸው የልጅ ልጅ ታንጉን ከነላስቲክ ውኃው ገለበጠ።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ተሕዋሱ ከብርድ አይፈጠርም። ከቆሻሻ ውኃም አይፈጠርም። «ተጨንቆ ነው ነጥብ ያወጣው» ይባላል፤ ጭንቀት ዓሣ ያዳክማል እንጂ ተሕዋስ አይወልድም። ገንዳችን ውስጥ ካለ እኛው አስገብተነዋል። በዓሣ፣ በኮራል፣ በቀንድ አውጣ፣ በእርጥብ መረብ፣ በላስቲክ ውኃ። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ዓሣ ለብቻው ይቆያል። ቢያንስ 30 ቀን። ምንም ዓይነት ሻጭ ምንም ቢላችሁ።

«የማግለያ ገንዳ ከየት አመጣለሁ?» ትላላችሁ። ሳፋ በቂ ነው። እኔ አሁን የምሠራበትን ዘዴ ላሳያችሁ። መድኃኒት የለውም፣ ቆጠራ ብቻ ነው።

ሁለት 40 ሊትር የሚይዙ የፕላስቲክ ሳፋዎች ግዙ። ለየሳፋው ትንሽ ሂተር፣ የአየር ፓምፕና ዓሣው የሚደበቅበት የውኃ ቧንቧ ቁራጭ ያስፈልጋል። አሸዋና ድንጋይ የለም። ዓሣው በ1ኛው ቀን የመጀመሪያው ሳፋ ይገባል። 3 ቀን ሙሉ ከመድረሱ በፊት፣ ማለትም 72 ሰዓት ሳይሞላ፣ ወደ ሁለተኛው ይዛወራል። ሁለተኛው ሳፋ ያው ሙቀት፣ ያው ጨው ያለው አዲስ ውኃ ይዞ ይጠብቀዋል። የተለቀቀው ሳፋ ከነዕቃው በበረኪና ይታጠባል፣ በደንብ ይለቀለቃል፣ ከዚያ ጠብታ እስከማይቀርበት ይደርቃል። የእኛ ነፋስ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ዝውውሩ በ4ኛው፣ በ7ኛው፣ በ10ኛውና በ13ኛው ቀን ነው። ከዚያ 30 ቀኑ እስኪሞላ በመጨረሻው ሳፋ ይቆያል። ለምን ይሠራል? ተሕዋሱ ከዓሣው ላይ በ7 ቀን ውስጥ ይወርዳል። ከወረደ በኋላ ለመፈልፈል ቢያንስ 3 ቀን ይፈልጋል። ሳይፈለፈል ዓሣው ሄዷል። ልጆቹ ቢወጡም ባዶ ሳፋ ነው የሚጠብቃቸው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንዱ፣ «አንድ ቀን ባሳልፍ ምን አለበት» የሚባል ነገር የለም። አንዲት ቀን ካሳለፋችሁ ከመጀመሪያው ትቆጥራላችሁ። ሁለተኛው፣ ለየሳፋው የራሱ መረብና የራሱ ቱቦ ይኑረው። በእርጥብ እጃችሁ ከሳፋ ወደ ዋናው ገንዳ አትሂዱ። ሳፋው ከገንዳው አጠገብም አይሁን። የአየር ፓምፕ የሚረጨው ጠብታ ራሱ ተሕዋስ ይዞ ሊሻገር ይችላል።

ይህ ዘዴ ለነጭ ነጥብ ብቻ ነው። አሚሎዲኒየም የሚባል ሌላ አለ፤ ዓሣው ላይ የወርቅ አቧራ የተነፋበት ይመስላል። ከነጭ ነጥብ እጅግ የከፋ ነው። አቧራው እስኪታይ ከጠበቃችሁ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ቀድሞ የሚታየው አተነፋፈሱ ነው። ዓሣው በፍጥነት ይተነፍሳል፣ ብርሃን ይሸሻል፣ ከፓምፑ የሚወጣው ውኃ ፊት ሄዶ ይቆማል። በአንድ ሁለት ቀን ሊገድል ይችላል። ለሱ የሚሆነው መዳብ ነው። ተራው የመዳብ መድኃኒት በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ይሆናል፤ ከሌላ ነገር ጋር የታሰረው ዓይነት ደግሞ መጠኑ ሌላ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ ያለውን ተከተሉ። ለ30 ቀን ያህል መጠኑ ሳይወርድ መቆየት አለበት። መለኪያ ከሌላችሁ መዳብ አትንኩ። ሲያንስ አያክምም፣ ሲበዛ ዓሣውን ራሱን ይገድላል። ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮራል ባሉበትም በፍጹም አይገባም። አሸዋና የኮራል ድንጋይም መዳቡን ይመጥጡታል።

የቆዳና የስንጥብ ትሎችም አሉ። እነሱ ግልጽ ስለሆኑ ዓሣው ላይ አይታዩም። ዓሣውን ለ5 ደቂቃ ያህል ጨው በሌለው፣ ሙቀቱ በተስተካከለና ክሎሪን በወጣለት ውኃ ስትነክሩት ነጭ ሆነው እንደ ሰሊጥ ሳፋው ሥር ይወርዳሉ። ለነሱ የሚሆነው ፕራዚኳንቴል ነው። ስሙን ሳታውቁት አትቀሩም፤ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ያደጋችሁ ለቢልሃርዝያ ውጣችሁት ይሆናል። እንቁላላቸውን ስለማይነካ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል። እባካችሁ የሰው ክኒን ፈጭታችሁ በግምት አትጨምሩ። ለዓሣ የተዘጋጀውን ፈልጉ።

ኮራልና ቀንድ አውጣስ? እነሱ አይታመሙም። ቅርፊታቸውና ከሥራቸው ያለው ድንጋይ ላይ ግን ያ የተዘጋ ሽፋን ተጣብቆ ሊመጣ ይችላል። ማጠብ አያስለቅቀውም። መፍትሔው ዓሣ በሌለበት ትንሽ ገንዳ 76 ቀን ማቆየት ነው። አውቃለሁ፣ ይህን ስል ፊታችሁ ተለወጠ። እኔም አንድ ጊዜ ትዕግሥት አጥቼ በ30ኛው ቀን አስገብቼ ነበር። ምንም አልሆነም። ዕድል ነው፣ ዕውቀት አይደለም።

ዋናው ገንዳ አስቀድሞ ከተያዘም መንገዱ ያው ነው። ዓሦቹ በሙሉ ይወጣሉ፣ በሳፋ ይታከማሉ። ገንዳው 76 ቀን ያለ ዓሣ ይቆያል። አንድም ዓሣ መቅረት የለበትም። በዚህ ጊዜ ብዙዎች «ዓሣ ከሌለ ምን ያደርጋል» ብለው ሂተሩን ያጠፋሉ። ስሕተት ነው። ውኃው ሲቀዘቅዝ ተሕዋሱም ይዘገያል፤ ቆጠራችሁ ዋጋ ያጣል። ከ25 ዲግሪ ገደማ አታውርዱት። እዚያ ያሉት ኮራሎችም ይፈልጉታል።

አሁን ደግሞ ሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስለዚህ ውኃችን ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅን፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት፣ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለ ገንዳ ከሩብ በላይ ያንሳል። ጤነኛ ዓሣ ይችለዋል። ስንጥቡን ተሕዋስ የበላው ዓሣ ግን አይችልም። ሞምባሳ ላይ ሁለት ሦስት ቀን የሚታገሥ ዓሣ እዚህ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል። ሂተር ከፍ ስታደርጉ ደግሞ ኦክስጅኑ የባሰ ይቀንሳል። ታንጌን ከገደለው አንዱ የኔ ሂተር ይመስለኛል። ስለዚህ እዚህ አገር የአየር ፓምፕ ጌጥ አይደለም። በታመመ ዓሣ ሳፋ ሁለት አድርጉ። የውኃው ፊት ይናወጥ።

መብራት ሲሄድስ? በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ያዙ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲመጣ ሳፋው በሁለት ሦስት ሰዓት ይቀዘቅዛል። እኔ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ። እየሳቃችሁ ነው፤ ግን ይሠራል። የላይኛውን ፊት ብቻ ለአየር ክፍት ተዉት።

ስለ ሌሎቹ መፍትሔዎች በአጭሩ። ነጭ ሽንኩርት ተሕዋሱን አይገድልም፤ ምግብ የማይበላ ዓሣ ሊያስበላ ይችላል፣ ያ ብቻ። ጽዳት ሠራተኛ የሚባለው ሽሪምፕ ደስ ይላል፤ ቆዳ ሥር የገባውን ግን አያወጣም። የዩቪ መብራት በውስጡ የሚያልፈውን ይገድላል፤ የማያልፈው ብዙ ነው። ቁጥሩን ይቀንሳል፣ ቤቱን አያጸዳም።

ከማለቁ በፊት አንድ ነገር። የገንዳ ዕቃ በሳሙና አትጠቡ። በእንዶድም አትጠቡ። ይህን የምለው አንዲት እናት ከልብ አስበው መረቤን በእንዶድ አጥበውልኝ ስለነበር ነው። እንዶድ ነጠላ ያነጣል፣ ዓሣና ቀንድ አውጣ ግን ይገድላል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ለቢልሃርዝያ መከላከያ ትልቅ ነገር ነው። ለኔ መረብ አይደለም።

ጥያቄ ካለ? አዎ፣ ወንድሜ።

«የአፋር ጨው አይሆንም ወይ? የውጩ ውድ ነው።» ጥሩ ጥያቄ ነው። ሸዋ ለጨው እንግዳ አይደለም። ድሮ ነጋዴ በግመል ጭኖ አልዩ አምባ ገበያ ያመጣው ነበር። ግን ያ የወጥ ጨው ነው፤ በአብዛኛው ሶዲየም ክሎራይድ። የባሕር ውኃ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌሎችም በመጠን በመጠን አሉት። ለኮራል ፈጽሞ አይሆንም። ለዓሣውም እኔ አልሞክርም። ወጪውን ግን እናስላ። በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ነው። 40 ሊትር ሳፋ አምስት ጊዜ ሲሞላ 200 ሊትር ይሆናል። 7 ኪሎ ገደማ ጨው ማለት ነው። ለትንንሽ ክላውንፊሾች 20 ሊትር ባልዲ ይበቃል፤ ወጪው በግማሽ ይወርዳል። ዋናው ገንዳችሁ ንጹሕ መሆኑን ካረጋገጣችሁ ደግሞ ለውኃ ለውጥ የምታወጡትን ለሳፋው ተጠቀሙበት። ከሳፋው ወደ ገንዳው ግን ጠብታ እንዳይመለስ።

እኅቴ፣ አንቺስ? «አሁን ታንግ አለህ ወይ?» አዎ፣ አለኝ። ደግሞ ሐምራዊ ነው። አንድ ነጥብ የለበትም፣ በደንብ ይበላል። ሳፋ ውስጥ ነው። ዛሬ 10ኛ ቀኑ ነው፤ 72 ሰዓቱ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይሞላል። ውኃውን ቀላቅዬ ሂተር ከትቼበት ነው የመጣሁት። ስለዚህ ሻዩን ሳልጠጣ ብሄድ ቅር አይበላችሁ።